ሁለት ጥንድ ካልሲ

ኤፕሪል 21 ቀን 2018፣ ሂዩስተን፣ ቴክሳስ። (ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የ92 ዓመት አዛውንት እየተሸኙ ነው። ባለቤታቸው ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከሱሪያቸው ጫፍ በታች ግን ለለቅሶ የማይመስል ነገር ብቅ ብሏል። መጻሕፍት የተሳሉበት፣ ቀለሙ የደመቀ ካልሲ።

ሟቿ ባርባራ ቡሽ ናቸው። ሰው ማንበብና መጻፍ እንዲማር ሲወተውቱ የኖሩ ሴት። ካልሲው ለዚያ ነው። ባልየው ደግሞ 41ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ። እኛ «ትልቁ ቡሽ» ወይም «አባት ቡሽ» የምንላቸው።

ሰባት ወር አለፍ ሲል እሳቸውም አረፉ። ኖቬምበር 30 ቀን 2018፣ በ94 ዓመታቸው። ሲቀበሩ ያደረጉት ካልሲ ላይ ደግሞ በሰልፍ የሚበሩ የጦር አውሮፕላኖች ነበሩ።

የመጀመሪያው የባል ካልሲ ነው። ሁለተኛው የወታደር።

ይህን ጉዳይ ለማጥናት የተነሳሁት በአንድ ጥያቄ ነው። ሰውየው የኮንግረስ አባል ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር ነበሩ። በቻይና አገራቸውን ወክለዋል፣ ሲአይኤን መርተዋል፣ ስምንት ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት፣ አራት ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይህ ሁሉ እያለ፣ ቤተሰብና ወዳጅ ሕይወታቸውን በጥቂት ቀናት ውስጥ መናገር ሲኖርበት ደጋግሞ የተመለሰው ወደ ሁለት ነገር ነው። ባሕር ላይ ወዳለፈች አንድ ቀን፣ እና ወደ አንዲት ሴት እጅ። ለምን?

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ወጣት ሳለ «እሱ» እላለሁ፣ በኋላ «እሳቸው»። የት ላይ እንደምቀይር ስንደርስ ታያላችሁ።

ዋልትዝ የማይችለው ልጅ

1941፣ የገና ሰሞን። ፐርል ሃርበር ከተደበደበ ገና ሳምንታት ናቸው። ግሪኒች፣ ኮኔቲከት ውስጥ የወጣቶች የጭፈራ ምሽት አለ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ያይና አስተዋውቁኝ ይላል። አብረው ይጨፍራሉ። ከዚያ ባንዱ ወደ ዋልትዝ ይቀይራል። ዋልትዝ አይችልም። «እንቀመጥ» አላት። ተቀምጠው ሲያወሩ አመሹ። እንግዲህ 73 ዓመት የቆየ ትዳር የተጀመረው ጭፈራ ባለመቻል ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ፣ ልክ 18 ዓመት በሞላው ቀን፣ ባሕር ኃይል ገባ። በ1943 ሰኔ የአብራሪነት ክንፉን ሲቀበል 19ኛ ልደቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ይቀሩታል። በዘመኑ ከነበሩት የባሕር ኃይል አብራሪዎች ከትንንሾቹ አንዱ ነበር። በዚያው ክረምት ተጫጩ። በአውሮፕላኑ ላይም ስሟን ጻፈ፦ «ባርባራ»።

ከጦር ሜዳ ብዙ ደብዳቤ ጽፎላታል። ብዙዎቹ በኋላ ቤት ሲቀያይሩ ጠፉ። አንድ ግን ተርፏል። ዲሴምበር 12 ቀን 1943 የተጻፈ። መተጫጨታቸው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አይቶ፣ ደስታው አላስችል ብሎት የጻፈው ነው። እንደምትወደው ማወቁ ሕይወቱ እንደሆነ ይነግራታል። ወደፊት የሚወለዱት ልጆቻቸው እንዴት ዕድለኛ እንደሆኑም ይጽፋል። የ19 ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ። ገና ያልተወለዱ ልጆች ይታዩታል።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1944

ቺቺጂማ ትንሽ የጃፓን ደሴት ናት። እዚያ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ እንዲመታ ታዘዘ። ቡሽ ሳን ሃሲንቶ ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነሳ። የሚያበራው አቬንጀር ቶርፒዶና ቦምብ የሚጥል፣ ሦስት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ነው። ከኋላው ሁለት ሰዎች አሉ። ጆን ዴላኒ እና ዊሊያም ኋይት።

ወደ ዒላማው ሲወርድ ተመታ። ጭስ ገባ፣ እሳት ተነሳ። ቁልቁል መውረዱን አላቆመም። ቦምቦቹን ጣለና ወደ ባሕር ዞረ። ለጓደኞቹ «ዝለሉ» የሚል ትእዛዝ ሰጠ። ከዚያ እሱ ዘለለ። ፓራሹቱን ቀድሞ ስለሳበው ጭንቅላቱ ከአውሮፕላኑ ጭራ ጋር ተላተመ። እየደማ ባሕር ላይ ወረደ። ዋኝቶ ትንሿ የጎማ ጀልባው ላይ ወጣ። መቅዘፊያ የለም። ነፋሱ ወደ ደሴቲቱ ይገፋዋል። በእጁ መቅዘፍ ጀመረ።

ደሴቲቱ ላይ ደርሶ ቢሆን ምን ይገጥመው እንደነበር ከጦርነቱ በኋላ በተካሄዱት የፍርድ ሂደቶች ታውቋል። እዚያ የተማረኩ ሌሎች አሜሪካውያን በራሪዎች ተገድለዋል። የአንዳንዶቹ ሥጋ ተበልቷል። ይህ ሐሜት አይደለም፣ በፍርድ ቤት የተመሰከረ ነው።

ሊይዙት የወጡትን ጀልባዎች ጓደኞቹ ከአየር ላይ እየተኮሱ መለሷቸው። ሰዓታት አለፉ። ከዚያ አንዲት የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ከውኃው ውስጥ ብቅ አለች። ፊንባክ። ጎትተው ሲያወጡት አንድ መርከበኛ በካሜራ ቀርጾታል። ፊልሙ ዛሬም አለ። ቀጭን ልጅ፣ ርጥብ፣ እግሩ የማይጸናለት።

ዴላኒና ኋይት አልተረፉም። ከሁለቱ አንዱ ዘሎ ፓራሹቱ አልተከፈተም። ሌላው ከአውሮፕላኑ ጋር ሰጠመ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተለየም። አስከሬናቸውም አልተገኘም።

በማግስቱ ከሰርጓጅ መርከቧ ውስጥ ሆኖ ለወላጆቹ ጻፈ። ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ ማልቀሱን አልደበቀም። ስለ ሁለቱ ሰዎች መጨነቁንም እንዲሁ። አንድ ወር ያህል ፊንባክ ውስጥ ቆየ። መርከቧ ሥራዋ አላለቀማ፤ እሱን ለማድረስ ብላ አትመለስም። በሌሊት ተረኛ ሆኖ ከላይ ሲቆም ውኃና ኮከብ ብቻ ነበር። «ለምን እኔ ተረፍኩ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም።

ለሟቾቹ ቤተሰቦች ጽፏል። የዴላኒ እህት የመለሰችለትን መልስ ሳነብ ቆም ብዬ ነው ያሰብኩት። በደብዳቤህ በሆነ መንገድ ልትረዳኝ እንደምትፈልግ ጽፈሃል ትለዋለች። አንድ መንገድ አለ፤ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ማሰብህን ተው። ወንድሟን ያጣችው እሷ ናት። አጽናኟም እሷው ሆነች።

እሱ ግን አልተወም። ሽልማት ሰጡት፣ 58 የውጊያ በረራ ተቆጠረለት። ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ ግን ከጀግንነቱ ይልቅ ሁለቱን ሰዎች ነበር የሚያነሳው። እናቱ ዶሮቲ ከልጅነቱ ጀምራ «እኔ፣ እኔ አትበል» ብላ ነው ያሳደገችው። ይህ አስተዳደግ ፖለቲካ ውስጥ ብዙ ጎድቶታል። ራሱን መሸጥ የማይችል ፖለቲከኛ ሆነ። ስለ ጦርነቱ ሲናገር ግን ታማኝ ያደረገው ይኸው ይመስለኛል።

ሠርጉ ለዲሴምበር 1944 ታስቦ ነበር። ሙሽራው አልደረሰም። አገሩ የገባው በገና ዋዜማ ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 1945 ራይ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ተጋቡ። እሱ 20፣ እሷ 19።

ሮቢን

ስለ ጥሩ ባልነት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው አበባና ደብዳቤ ነው። እኔ ግን ይህን ትዳር የማየው በ1953 ነው።

ቴክሳስ፣ ሚድላንድ ናቸው። ቡሽ በነዳጅ ሥራ ላይ ነው። የሦስት ዓመት ልጃቸው ሮቢን ድካም ድካም አላት። ሐኪሟ ደም መርምራ ጠራቻቸው። ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር። በዚያ ዘመን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ቤት ወስደው ሰላም እንዲሰጧት ተነገራቸው። እነሱ ኒውዮርክ ወዳለው ስሎን ኬተሪንግ ወሰዷት። ወራት ታገሉ።

ባርባራ አንድ ሕግ አወጣች። ልጅቷ ፊት ማልቀስ ክልክል ነው። እሷ ቻለች። እሱ አልቻለም። እንባው ሲመጣ ሰበብ ፈልጎ ከክፍሉ ይወጣል። ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። እንደገና ይወጣል። በጃፓን መድፍ ውስጥ ቁልቁል የወረደው አብራሪ ማለት ነው።

ኦክቶበር 11 ቀን 1953 ሮቢን አረፈች። አራት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ገደማ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። እስከዚያ ጸንታ የቆመችው ባርባራ ወደቀች። በ28 ዓመቷ ፀጉሯ ነጣ። አሁን ያዥው እሱ ሆነ። ዝም እንድትል አልተዋትም። ስለ ልጅቷ እንድታወራ አደረጋት፣ ብቻዋን እንድትሆን አልፈቀደም። ይህን የምናውቀው እሷ ራሷ በኋላ ስለጻፈችው ነው። ልጅ ሞቶባቸው የሚለያዩ ባልና ሚስት ጥቂት አይደሉም። እነሱን ያቆያቸው ይህ ተራ በተራ መደጋገፍ ይመስለኛል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። ሁለቱም እኩል አልወደቁም።

ከዓመታት በኋላ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ቤታቸው አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። አራት ወንዶች ልጆች አሉ፤ ጫጫታው አይጣል ነው። ያቺ የጠፋችው ግን አለች ይላል፣ ልንነካት አንችልም፣ ግን አብራን እንዳለች ይሰማናል።

እዚህ ላይ ነው «እሳቸው» ማለት የምጀምረው። የ29 ዓመት አባት ልጁን ከቀበረ በኋላ ወጣት ነው ለማለት አልደፍርም።

ስለ ሹመቱ ባጭሩ

ሹመቱን ሁሉም ያውቀዋል። የበርሊን ግንብ በእሳቸው ዘመን ፈረሰ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በእሳቸው ተመራ። ግብር አልጨምርም ብለው ጨመሩና በ1992 ተሸነፉ። እኛ ደግሞ በሌላ መንገድ እናውቃቸዋለን። በ1991 የጸደይ ወራት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሥልጣናቸው ማብቂያ ላይ ሳሉ፣ ቡሽ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን ልዩ መልእክተኛ አድርገው፣ ቤተ እስራኤላውያን እንዲወጡ ለመደራደር ወደ አዲስ አበባ ልከው ነበር። በሜይ 24 እና 25፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በረሩ። ያ ቀን ለብዙ ቤተሰብ የመለያየትም የመገናኘትም ቀን ነው። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ትዳሩ ሲመረመር

ለእሳቸው ሥራ ሲባል ባርባራ ወደ 30 የሚጠጋ ጊዜ ቤት ቀይረዋል። ትምህርታቸውን ያቋረጡት እሳቸውን ለማግባት ነው። ስለዚህ «ታማኝ ባል» የሚለውን ስናነሳ ሒሳቡ የሁለት ሰው መሆኑን አንርሳ። ባል ዓለምን ሲዞር ሚስት ዕቃ ስታሽግ ኖራለች።

1976 ላይ ይህ ሒሳብ ተፈተነ። ቡሽ ሲአይኤን ሊመሩ ከቻይና ተመልሰዋል። ሥራው ምስጢር ስለሆነ ቤት መጥተው የሚያወሩት ነገር የለም። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። ባርባራ ድባቴ ውስጥ ገቡ። መኪና ሲነዱ ዛፍ ላይ ወይም ከፊት የሚመጣ መኪና ላይ እንዳይነዱት ፈርተው ዳር ይዘው ይቆሙ እንደነበር በኋላ ጽፈዋል። ያወቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ባላቸው። ማታ ማታ እያለቀሱ እቅፋቸው ውስጥ ያድሩ ነበር። ቡሽ ባለሙያ እንዲያማክሩ ለምነዋል። እምቢ አሉ። በኋላ በዚህ ተጸጽተዋል። ለምን ጥሎኝ አልሄደም ብለው ይገረሙም ነበር።

ከዋይት ሀውስ ከወጡ በኋላ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1994፣ ቡሽ ለሚስታቸው ደብዳቤ ጻፉ። «ታገቢኛለሽ?» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ፣ ውይ ረሳሁት፣ ከ49 ዓመት በፊት እኮ አግብተሽኛል። ቀጥለው የዓለምን ትልቁን ተራራ ሳልወጣ አልቀረሁም፣ ያ ግን የባርባራ ባል ከመሆን ጋር አይወዳደርም ይላሉ። በባርባራ ቀብር ላይ ልጃቸው ጄብ ይህን አነበበው። ሰው ሳቀም አለቀሰም።

አሁን የማይመቸው ክፍል። በ2017 በርካታ ሴቶች፣ ቡሽ አብረዋቸው ፎቶ ሲነሱ ከኋላ ነካክተውናል ብለው ተናገሩ። አንዷ ነገሩ በ2003 የ16 ዓመት ልጅ ሳለች እንደደረሰባት ገለጸች። ቃል አቀባያቸው ዊልቸር ላይ ስለሆኑ እጃቸው ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ ቅር ያላቸው ካሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ አለ። በ2003 ግን ዊልቸር ላይ አልነበሩም። ይህ በቀብሩ ንግግሮች ውስጥ አልተነሳም። በቀብር ላይ አለመነሳቱን እረዳለሁ። የጉዳይ ጥናት የሚጽፍ ሰው ግን ካልሲውን አሳይቶ ይህን ሊደብቅ አይችልም። 73 ዓመት አንዲትን ሴት መውደድ እውነት ሊሆን ይችላል። የእነዚያ ሴቶች ቃልም እዚያው አለ። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

እጇን ይዞ

እርጅናው ረጅም ነበር። በ75 ዓመታቸው በፓራሹት ዘለሉ። በ80፣ በ85፣ በ90ም እንዲሁ። ሰው ሽማግሌ አበደ ይል ነበር። ነገሩ ግን ከ1944 ጋር የተያያዘ ነው። ያኔ ዝላዩን አበላሽቼዋለሁ፣ አንድ ቀን በወጉ እዘላለሁ ብለው ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። በ2002 ደግሞ ወደ ቺቺጂማ ተመልሰው ለሁለቱ ጓደኞቻቸው ባሕሩ ላይ አበባ ጣሉ።

በ2013 ፀጉራቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጩ። ከጠባቂዎቻቸው የአንዱ የሁለት ዓመት ልጅ ሉኪሚያ ይዞት ፀጉሩ ረግፎ ነበር። ሮቢን ከሞተች 60 ዓመት ሆኗታል።

እግራቸውን የያዛቸው በሽታ ከፓርኪንሰን ጋር የሚመሳሰል ነው። ዊልቸር ላይ ዋሉ። ታላቁ ልጃቸው ጆርጅ ደብልዩ በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ በስተርጅና የፖሊስ ድራማ ድጋሚ ማየት ይወዱ ነበር። ድምፁን ጣሪያ ድረስ ለቀው። የእናቱን እጅ ይዘው።

ኤፕሪል 17 ቀን 2018 ባርባራ ሲያርፉም እጃቸውን እንደያዙ ነበር። ቀኑን ሙሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ከ6,000 በላይ ሰው ሊሰናበት መጣ። ቡሽ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ለተወሰነ ጊዜ ሰው ተቀበሉ። ከዚያ ቀብሩ፣ መጻሕፍት ያሉበት ካልሲ። በማግስቱ ደማቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሆስፒታል ገቡ። ሰው «ተከተላት» አለ። አልተከተሉም። ተነሱ፣ ለክረምቱ ሜይን ወደሚገኘው የባሕር ዳር ቤታቸው ሄዱ።

አራት ቀን

ከዲሴምበር 3 እስከ 6 አገሪቱ ተሰናበተቻቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሦስት ነገር ላይ ግን ልቆይ።

አንደኛው ውሻው ነው። ሱሊ የሚባል አጋዣቸው የነበረ ቢጫማ ላብራዶር ሳጥኑ ፊት ተኝቶ የተነሳው ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። «ተልእኮው ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። እኔም አይቼ ሆዴ ባባ። ይሁን እንጂ ሱሊ ቤቱ የገባው በዚያው ዓመት ሰኔ ነው፣ ባርባራ ከሞቱ በኋላ። ለ94 ዓመት ሕይወት የስድስት ወር ምስክር ነው። በጣም የተጋራው ምስል ስለሰውየው በጣም ጥቂት የሚናገረው ሆነ። የውሻው ጥፋት አይደለም፣ ውሻ ይተኛል።

ሁለተኛው የቀድሞው ሴናተር ቦብ ዶል ናቸው። አስከሬኑ በካፒቶል ሕንፃ ተቀምጦ ሳለ የ95 ዓመቱ ዶል በዊልቸር መጡ። በ1988 ለእጩነት ሲፎካከሩ በቀጥታ ስርጭት ስለ ታሪኬ መዋሸት ይተው ያሉት ሰው ናቸው። እሳቸውም የዚያው ጦርነት ወታደር ናቸው። ጣሊያን ውስጥ ተመትተው ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆኗል። አንድ ሰው ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው። ቆሙ። በግራ እጃቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ምንም አልተናገሩም። ከአራቱ ቀን ንግግሮች ሁሉ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው በብሔራዊው ካቴድራል የተነበቡት ንግግሮች ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው ጆን ሚቻም ንግግሩን የጀመረው ከዋይት ሀውስ አይደለም። ከባሕሩ ነው። ከተቃጠለው አውሮፕላን፣ ከሁለቱ ሟቾች፣ ከ«ለምን እኔ?»። ሚቻም ንግግሩን ቡሽ በሕይወት እያሉ አንብቦላቸው ነበር። የሰጡት አስተያየት ስለ እኔ በዛ የሚል ነው። የዶሮቲ ልጅ በ94 ዓመቱም እንደዚያው ነው።

ልጃቸው የጨረሰው ደግሞ በዚያች እጅ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ በእውነት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እጇን እንደገና መያዝ አለ። አባቱ ሮቢንን አቅፎ የእናቱን እጅ ይዞ ይሆናል ሲል ድምፁ ተሰበረ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነበር። ለምን ባሕሩና እጁ? የኔ ግምት እነሆ። ቡሽ ያለባቸውን ዕዳ እንዳልከፈሉ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። በዴላኒና በኋይት ፈንታ የተረፉበት ዕድሜ አንድ ዕዳ ነው። ባርባራ የሰጧቸው ዕድሜ ሌላ ዕዳ። ሹመቱ የመጣው በእነዚህ ላይ ነው። የቅርብ ሰዎቻቸው ይህን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ የተናገሩት ከአፋቸው ሲሰሙ የኖሩትን ነው። የፕሬዚዳንቱን ታሪክ ሌላው ሰው ይጽፈዋል። እነሱ ያወሩት የቤታቸውን ሰው ነው።

ዲሴምበር 6፣ ከሂዩስተን አጠገብ፣ ቁጥሩ 4141 የሆነ ባቡር ሳጥኑን ጫነ። የፕሬዚዳንት አስከሬን በባቡር ሲሄድ ከአይዘንሃወር ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ ከ1969 ወዲህ። አንዱ ፉርጎ ጎኑ መስታወት ነበር። 110 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ሐዲዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነበር፤ ባንዲራ የያዘ፣ ልጅ ትከሻው ላይ ያስቀመጠ። ሐዲዱ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ባቡሩ እንዲጨፈልቅላቸው የጠበቁም ነበሩ።

ኮሌጅ ስቴሽን ከተማ ሲደርስ 21 የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ከላይ አለፉ። አንዱ ከሰልፉ ተነጥሎ ወደ ላይ ወጣ። ላልተመለሰ በራሪ የሚደረግ ነው። ከዚያ ባርባራና ሮቢን ወዳሉበት ወሰዷቸው። ሮቢን መጀመሪያ ግሪኒች ነበር የተቀበረችው። ወላጆቿ አብረዋት ለማረፍ ብለው በ2000 ወደዚህ አምጥተዋታል።

አውሮፕላኖች ያሉበትን ካልሲ በዚያ ቀን ከሳጥኑ አጠገብ የቆመ ሰው አላየውም። ሳጥኑ ዝግ ነበር። ቃል አቀባያቸው ፎቶውን ባያወጣው ኖሮ እኛም አናውቅም ነበር።